ለርክክብ ሲባል የተነበበው ዲስክ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ሥራው ይቀራል እንጂ ጠባዩ አይቀርም። እኔ መቱ ከሚገኘው መሥሪያ ቤቴ በክብር ከተሰናበትኩ በኋላ እንኳ የቤታችንን ወረቀት ሁሉ፣ የልጆቻችንን የክትባት ካርድ፣ የሬዲዮኑን የአጠቃቀም መመሪያና ከጎረቤት የመጡ የሠርግ ጥሪዎችን ሳይቀር፣ በተራ ቁጥር ፋይል አድርጌ አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ ዓለምነሽ ይህን እንደ ሕመም ትቆጥረዋለች። እኔ ሥርዓት እለዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ሁለታችንም ለየራሳችን ወገን ምስክር እንፈልጋለን።

መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ አንድም የተግሣጽ ደብዳቤ በግል ማኅደሬ ውስጥ አልገባም። ማኅደሩን የሚጠብቀው ራሱ ስለ ነበር ነው የሚሉ አሉ፤ እነርሱን አልሰማቸውም። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ነገር እንዴት ያለውን ሰው እንዳገኘው እንድታውቁልኝ ነው።

የክረምቱ መግቢያ ላይ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሰው ተላከብኝ። የከተማው የይዞታ መዝገብ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ወደ አዲሱ ሊዛወር ስለሆነ የርክክብ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ አንድ ነባር ባለሙያ በታዛቢነት እንዲገኝ ተፈልጓል ተባልኩ። ከረባቴን አሥሬ ሄድኩ። በታዛቢነት ገብቼ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ። የተመረጥኩት በሙሉ ድምፅ ነው፤ ሌሎቹ አባላት ሰብሳቢ ላለመሆን ምን ያህል እንደ ጓጉ ያኔ አላስተዋልኩም ነበር።

የኮምፒዩተሮቹ ኃላፊ ጫልቱ ትባላለች። የያዮ ልጅ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ዐይኗ ከሰው ፊት ይልቅ መስኮት ላይ የሚያርፍ። የሚዛወረውን ዕቃ እንድታሳየን ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ የሚዛወረው ብረቱ አይደለም» አለችኝ። «በብረቱ ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒዩተር ነው። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል።»

«ይታያል?»

«አይታይም። ተከራይ በሉት። እስከዛሬ አሮጌው ማሽን ውስጥ ተከራይቶ ይሠራ ነበር፤ አሁን አዲሱ ውስጥ ይገባል። ደግሞ ሥራውን ሳያቋርጥ ነው የሚገባው። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ መዛወሩን እንኳ አያውቅም።»

«መዝገቡስ?»

«መዝገቡ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩ ሌላ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ማሽኖች በገመድ ይደርሱበታል። እሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም።»

ይህን ሁሉ ያዳመጡት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ተሬሳ ናቸው። ኦቦ ተሬሳ ከኔ በሦስት ዓመት ያንሳሉ፤ በጥንቃቄ ግን አያንሱም። አንድ ጊዜ ለስብሰባ የመጣ እንግዳ የያዘውን የራሱን እስክሪብቶ ለማስወጣት የመውጫ ፈቃድ ያስሞሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የማይታይ ንብረት የሚወጣው በየትኛው ሞዴል ነው?» ብለው ጠየቁ። የገቢውን ሞዴል አሥራ ዘጠኝና የወጪውን ሞዴል ሃያ ሁለት ጎን ለጎን ዘርግተው፣ ሁለቱንም በሐዘን ሲመለከቱ ቆዩ።

እኔ ግን መፍትሔ ነበረኝ። «ተረካቢ የሚረከበውን ሳይቆጥር አይፈርምም» አልኩ። «አዲሱ ማሽን ተረካቢ ነው። ስለዚህ ከዝውውሩ በፊት ዲስኩን ከፍቶ፣ በኮሚቴው ፊት፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብብ። ጉድለት ካለ ያኔ ይታያል።»

ጫልቱ ከመስኮቱ ፊቷን መለሰች። «ጋሼ፣ አዲሱ ማሽን ከዝውውሩ በፊት ዲስኩን ባይነካው ይሻላል።»

«ለምን?»

«ያነበበውን ይይዛል።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው? ያነበበውን የሚረሳ ሠራተኛ ምን ያደርግልኛል?»

አባላቱ ሳቁ። እኔም በገዛ ንግግሬ ጥቂት ረካሁ። አሁን ሳስበው፣ ሰው በስብሰባ ላይ ሲሳቅለት ወዲያው ዝም ብሎ መቀመጥ ይገባው ነበር።

ሰኞ ቆጠራው ተጀመረ። በደንቡ መሠረት ቆጠራ ሲባል ሁለት ነው፤ ቆጠራና ድጋሚ ቆጠራ። ጫልቱ ሁለት መሆኑን ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። ያነበበውን እንዳይዝ ማሽኑን ሁልጊዜ ከዲስኩ በቀጥታ እንዲያነብ አድርጋው ነበርና አንዱ ንባብ ብቻ ቀኑን ሊፈጅ ነው። «ሁለት ጊዜ ከሆነ የምታስነብቡት ካሹን ልክፈተው?» አለች። ካሽ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። የቅርብ ማስታወሻ ነው፤ ማሽኑ ካነበበው ላይ ቅጂውን እጁ ላይ ያስቀራል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ወደ ዲስኩ ሳይመለስ ከእጁ ላይ ይመልሳል አለችኝ።

ዐይኔ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረውም። እኔ በዘመኔ የነበሩኝ ሠራተኞች አንድ ፋይል በተጠየቁ ቁጥር እስከ መደርደሪያው ደርሰው፣ መንገድ ላይ ከሁለት ሰው ጋር ተጨዋውተው፣ የተጠየቁትን ረስተው ይመለሱ ነበር። «ክፈችው» አልኩ።

የመጀመሪያው ቆጠራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ድጋሚ ቆጠራው ግን ኦቦ ተሬሳ ሻያቸውን ሳይጨርሱ አለቀ። እኔም ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ «አዲሱ ማሽን በሰብሳቢው መመሪያ መሠረት ዲስኩን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ አንዳችም ጉድለት የሌለበት መሆኑ ተረጋግጧል።» ዐረፍተ ነገሩ አማረኝና ማታ ለዓለምነሽ አነበብኩላት። እየሰማች ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዓለምነሽ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። የምንኖርበት ቤት የይዞታ ካርታ በእኔ ስም ብቻ ነበር። ቤቱን የሠራነው ሁለታችን ነን፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር እኔ ደብዳቤ ስጽፍ ጭቃውን ያስመረገችው እርስዋ ናት። ስሟ እንዲገባ ልጆቻችን ሳይወለዱ ጀምራ ጠይቃኛለች። እኔም በየጊዜው ቅጹ ተቀይሯል፣ መመሪያው በመሻሻል ላይ ነው፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እያልኩ፣ ለባለጉዳይ የምሰጠውን መልስ ሁሉ ለገዛ ሚስቴ ሰጥቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ምክንያቱ አለቀብኝ። ስለዚህ በቆጠራው ማግስት፣ ማክሰኞ፣ አብረን ሄድን። ፈረመች፤ አሻራዋን ሰጠች፤ ስሟ ከስሜ ሥር ሲጻፍ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ አየች። ካርታው የሚታተመው ከዝውውሩ በኋላ ስለሆነ ሐሙስ ከሰዓት እንድትመጣ ተነገራት። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ አንድም ነገር አልወቀሰችኝም። ለእኔ ይህ ከሜዳልያ የሚቆጠር ነው።

ሐሙስ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ዝውውሩ ተካሄደ። ዝውውር ሲባል የጭነት መኪና ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ የሆነው ግን አንዲት ሰማያዊ መስመር በጫልቱ ስክሪን ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስትሳብ ማየት ብቻ ነው። መስመሯ ዳር ስትደርስ ጫልቱ፣ «አሮጌው በእጁ የነበረውን ያልተጻፈ ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ወጥቷል። ተከራዩ አዲሱ ቤት ገብቷል» አለች። አጨበጨብን። ኦቦ ተሬሳ ምን እንደ ተረከቡ ባያውቁም ፈረሙ። ሁሉም ወደ ምሳው ሄደ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዓለምነሽ ጃንጥላዋን ይዛ፣ የበዓል ነጠላዋን ለብሳ መጣች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ፋይሉን ከፈተች፤ ወደ ስክሪኑ ቀረበች፤ ወደ እኔ አየች።

«እትዬ፣ እዚህ ያለው የጋሼ ስም ብቻ ነው።»

ባለቤቴ ስትቆጣ አትጮኽም። እኔን «አንቱ» ማለት ትጀምራለች።

«የዚህ ኮሚቴ ሰብሳቢ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለችኝ።

«ዓለምነሽ፣ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው።»

«ማክሰኞ የተጻፈው ስሜ በእርስዎ ሰብሳቢነት ሐሙስ ጠፋ። ደግ። እኔ እዚህ አግዳሚው ላይ ነኝ። ስሜ ሲመለስ ይጥሩኝ።»

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ጃንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠች። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያለፈው ያገደመው ሁሉ ምን ሆና እንደ ተቀመጠች ጠየቃት፤ እርስዋም ለእያንዳንዱ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። መቱ ትልቅ ከተማ አይደለችም። አንድ የማውቀው ሰው በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለብቻዎ ቤት ምን ያደርግልዎታል?» ብሎኝ ሄደ።

ይህ ሲሆን ሌላ ጉድ መጣ። ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው ጎን ያለውን ቦታ ከቡሬው ኦቦ ነጋሳ ገዝተው፣ ስሙ ረቡዕ ዕለት ተዛውሮላቸዋል። ሁለቱ አብረው ካርታ ሊወስዱ ሲመጡ ቦታው አሁንም የኦቦ ነጋሳ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ሸምሱ ክው አሉ። ኦቦ ነጋሳ ግን ቆባቸውን አነሡና፣ «እኔ መቼም ከመንግሥት መዝገብ ጋር አልከራከርም» አሉ።

«ነጋሳ፣ ትናንት እኮ እዚሁ ቆመህ ፈርመሃል» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ፈርሜ ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን አልፈረምክም ይላል። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከኮምፒዩተር ልበልጥ ነው?»

ጫልቱን በሩጫ አስጠራኋት። ሁለቱን ፋይል አየች። ሌላ ሦስት ከፈተች። ከዚያ እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሰኞ ያስነበብነው ነው» አለች።

«እንዴት?»

«አዲሱ ማሽን ሰኞ ዲስኩን በሙሉ አንብቦ ይዟል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ዲስኩ ላይ ሲጽፍ የነበረው አሮጌው ነው፤ አዲሱ ይህን አያውቅም። ተከራዩ ዛሬ ጠዋት የሠራበትን በገዛ ጭንቅላቱ ይዞት ስለ መጣ እሱ ልክ ነው። የማክሰኞውንና የረቡዑን ሲፈልግ ግን አዲሱን ቤት ይጠይቃል። ቤቱ ደግሞ ወደ ዲስኩ አይሄድም፤ ከሰኞ ማስታወሻው ይመልስለታል።»

«ስለዚህ የዓለምነሽ ስም አለ?»

«ዲስኩ ላይ አለ። ግን አንድ ሰው እዚያ ገጽ ላይ አንዲት ነገር ጨምሮ ካስቀመጠ፣ ማሽኑ ገጹን በሙሉ በሚያስታውሰው ዓይነት መልሶ ይጽፈዋል። ያን ጊዜ የእትዬ ስም በእውነትም ይጠፋል።»

«እስካሁን የጻፈ ሰው አለ?»

አየች። ከስድስት ሰዓት ወዲህ ማንም አንድ ፊደል አልጻፈም። ሠራተኞቹ ከምሳ ገና መመለሳቸው ነበር። በአገልግሎት ዘመኔ ስለ ምሳ ሰዓት መራዘም ዐሥራ አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፌአለሁ፤ ሁሉንም በልቤ ሻርኳቸው።

ቀና ስል ከመስተዋቱ ማዶ፣ የመስኮት ሠራተኞቹ ክፍል ውስጥ፣ ኦቦ ተሬሳን አየኋቸው። ባዶ ወንበር አግኝተው ተቀምጠዋል። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ ይተይባሉ።

«ኦቦ ተሬሳ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«አዲሱን ማሽን በንብረትነት እየመዘገብኩ ነው።»

«የት ላይ?»

«እዚሁ የይዞታ መዝገቡ ውስጥ። አንዲት መስመር ናት፤ አልቃለች፤ አስቀምጥ የሚለውን ብቻ ልጫን።»

ሮጥኩ ልበላችሁ እንጂ በእኔ ጉልበት መሮጥ የሚባል ነገር የለም። በሩን ከፍቼ ደርሼ የኮምፒዩተሩን የፊደል ገበታ ከእጃቸው ሥር ነጥቄ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ገመዱ ተከትሎኝ መጣ፤ የገመዱን ጫፍ ተከትሎ ደግሞ የሻዩ ብርጭቆ መጣ።

«ይህ ንብረት ነው» አሉ ኦቦ ተሬሳ፣ ከመደንገጣቸው የተነሣ ተነሥተው ቆመው። «ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት ከቦታው አይነሣም።»

«በኋላ እፈርማለሁ።»

«በኋላ የሚባል ፊርማ የለም፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

የፊደል ገበታውን እንዳቀፍኩ ፈረምኩላቸው።

ጫልቱ መደረግ ያለበትን በሁለት ቃል ተናገረች። ተከራዩን ለጥቂት ደቂቃ ማስቆም፤ አዲሱ ማሽን የያዘውን የሰኞ ማስታወሻ ሁሉ እንዲጥል ማድረግ፤ ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ከዲስኩ በቀጥታ እንዲያነብ አድርጎ ሥራውን ማስቀጠል። ነገር ግን የጸደቀው ዕቅድ «አገልግሎት ሳይቋረጥ» ስለሚል፣ ለማስቆም የጽሑፍ ትእዛዝ ያስፈልጋታል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ለስብሰባ ወደ በደሌ እየሄዱ ነው፤ ስልካቸው የያዮ ጫካ ውስጥ ገብቶ አይሰማም። ማዘዝ የሚችለው ኮሚቴው ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ወረቀት ሳብኩ። ምክንያቱን መግለጽ ግድ ነውና እንዲህ ጻፍኩ፦ «ከቴክኖሎጂው ባሕርይ በመነጨ ክፍተት…»

ጫልቱ በትከሻዬ ላይ አነበበች። «ቴክኖሎጂው ምን አደረገ፣ ጋሼ? የታዘዘውን ነው ያደረገው።»

ሰረዝኩና፣ «በርክክቡ ሂደት ወቅት ባጋጠመ ያልተጠበቀ ሁኔታ…» ብዬ ጻፍኩ።

«ተጠብቆ ነበር» አለች ጫልቱ በቀስታ። «ባይነካው ይሻላል ብዬ ነበር። ነገ ኦዲት መጥቶ ካሹን ማን ከፈተው ሲል በዚህ ወረቀት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ።»

ሦስተኛውን ጀመርኩ። «በሚመለከታቸው አካላት የጋራ ግንዛቤ እጥረት…» ላይ ስደርስ ጥላ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ዓለምነሽ ከአግዳሚው ተነሥታ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ እያነበበች ነው። ያን ሁሉ ዓመት የጻፍኩትን ደብዳቤ አንድም ቀን አንብባ አታውቅም ነበር።

«እነዚህ የሚመለከታቸው አካላት ስንት ናቸው?» አለች።

«አነጋገር ነው።»

«ሰኞ ማታ ሽንኩርት ስልጥ ያነበቡልኝ ላይ አካላት አልነበሩም። በሰብሳቢው መመሪያ ነበር የሚለው። ሲያምር ሰብሳቢው ነው፤ ሲበላሽ አካላት?»

ጋሽ ሸምሱ ከኋላዋ ሆነው፣ «እውነቷን ነው» አሉ። ኦቦ ነጋሳ፣ «ቀስ ብለው ያስቡበት፤ እኔ አልቸኩልም» አሉ።

እንግዲህ የሠላሳ ዓመት ንጹሕ ማኅደር ያለው ሰው በዚያች ቅጽበት የሚያስበውን አስቡት። በስሜ ሥር ስሟ ያለበት ገጽ ከሰኞ ማስታወሻ ጀርባ ተደብቋል፤ መስኮቱ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ከተሰላፊው አንዱ ሥራ ይጀመርልኝ ብሎ ቢጮኽና አንዷ ሠራተኛ አስቀምጥን ብትጫን አበቃ። እስክሪብቶዬን አነሣሁና ጻፍኩ፦ «ችግሩ የተፈጠረው ባለሙያዋ አስቀድማ እያስጠነቀቀች፣ አዲሱ ማሽን ከዝውውሩ በፊት ዲስኩን እንዲያነብና ያነበበውን እንዲይዝ ሰብሳቢው በማዘዙ ነው። ሰብሳቢው ተሳስቷል። ማስታወሻው እንዲጣልና አገልግሎቱ ለዚሁ እንዲቋረጥ ታዟል።» ፈረምኩ። ማኅተሙ ሲያርፍበት የተሰማኝን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ጫልቱ ተከራዩን አስቆመች። ስክሪኖቹ ሁሉ ባሉበት ደረቁ። ለእኔ ረጅም፣ ለሰዓት አጭር የሆነ ጊዜ አለፈ። ከዚያ ስክሪኖቹ ነፍስ ዘሩ።

ሠራተኛዋ ፋይላችንን ከፈተች። «እትዬ፣ ስምዎ አለ፤ ይኸው።»

ዓለምነሽ ግን ወደ ስክሪኑ አልሄደችም። ወደ ጫልቱ ዞረች። «ልጄ፣ ይህን አሁን ከየት አንብቦ ነው የሚያሳየኝ? ከራሱ ነው ከዲስኩ?»

ጫልቱ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ከዲስኩ ነው፣ እትዬ። እዚህ ቤት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ይህ ሰውዬ አልጠየቀሽም?»

«ጋሼ ይታያል ወይ ብለው ነው የጠየቁኝ።»

ጋሽ ሸምሱም ቦታቸውን አገኙ። ኦቦ ነጋሳ ለግማሽ ከሰዓት የተመለሰላቸውን ርስት በሐዘን ተሰናብተው፣ «ኮምፒዩተርም እንደ ሰው ሐሳቡን ይቀያይራል ማለት ነው» ብለው ወደ ቡሬ አውቶቡስ ሄዱ።

ካርታው ታተመ፤ ሁለት ስም፣ አንድ ማኅተም። ዓለምነሽ ተቀበለችና አየት አድርጋ ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመልሳ፣ ቅድም የጻፍኩት ትእዛዝ ኮፒ ተደርጎ፣ ከዋናው ጋር የተገናዘበ ተብሎ፣ ማኅተም አርፎበት እንዲሰጣት ጠየቀች። ለምን እንደሚያስፈልጋት ስትጠየቅ ባለጉዳይ ነኝ አለች። ደንቡ ይፈቅድላታል፤ ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ቤት ስንደርስ ቁልፍ ያለውን ሣጥን ከአልጋው ሥር አወጣች። ካርታውን ይዤ ቀረብኩ።

«እሱን አንተ ፋይልህ ውስጥ አድርገው» አለችኝ። ወደ «አንተ» መመለሷን ልብ በሉልኝ። ኮፒውን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኑ ውስጥ አስገባች፤ ቆለፈች፤ ቁልፉን ከአንገቷ ክር ጋር አሰረችው።

«ዓለምነሽ፣ ሣጥን ውስጥ መግባት ያለበት እኮ ካርታው ነው» አልኳት።

«ካርታ ቢጠፋ ምትክ ይሰጣሉ» አለችኝ። «ተሳስቻለሁ ብለህ የፈረምከው ቢጠፋ ግን ምትኩን ከየት አገኛለሁ?»